የመንፈቅ ምርጫ ተግሣጽ ነው እንጂ ትንቢት አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት የተነሣ ክርክር ነው። ጉዳዩ የባዕድ አገር ቢሆንም፣ እያገላበጥሁ ባሰብሁት ቍጥር ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚነግረን ነገር እንዳለው ስለ ተረዳሁ፣ ዝም ብዬ ማለፍን አልወደድሁም።

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 2025፣ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያና በኒው ጀርሲ ግዛቶች የአገረ ገዢ፣ በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ የከንቲባ ምርጫ ተደርጎ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ። በሦስቱም ስፍራ ያሸነፉት የዴሞክራት ፓርቲ ዕጩዎች ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሪፑብሊካን ፓርቲ ሰው ናቸው። ወሬው በተሰማ ማግስት አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «አለቀለት! ሪፑብሊካን የሚባለው ፓርቲ ከእንግዲህ አይነሣም» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ፕሬዚዳንት ያልተመረጠበት ምርጫ የሰፈር ምርጫ ነው፤ ምን ቁም ነገር አለውና ነው?» ሲል አጣጣለው። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ።

ነገር ግን ሌላውን ከመንቀፌ በፊት የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። የወንድሜ ልጅ በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ትኖራለች። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ተምራ፣ የአገሩን ዜግነት አግኝታ፣ በአንድ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል ተቀጥራ ትሠራለች። በ2021 ዓ.ም. የግዛቷ የአገረ ገዢ ምርጫ በደረሰ ጊዜ በስልክ ስንነጋገር፣ ሥራ እንደ በዛባትና ለምርጫው ጊዜ ማጣቷን ነገረችኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው መካሪ ሆኜ፣ «ይህ የፕሬዚዳንት ምርጫ አይደለም፤ ሥራሽን አትበድዪ፤ ሦስት ዓመት ቈይቶ ዋናው ሲመጣ ትመርጫለሽ» አልኋት። ምክሬን ሰምታ ቀረች። ዛሬ ይህን ምክሬን ባስታወስሁት ቍጥር አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር ከዚህ በታች ይገለጻል።

በቅድሚያ የምርጫውን ሥርዓት ላስረዳ። በአሜሪካ አገር ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በየአራት ዓመቱ ነው። ሕዝቡ ግን አራት ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። በሁለተኛው ዓመት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ 435 እንደራሴዎች በሙሉና ከሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይመረጣሉ። ከዚያም በቀር ቨርጂኒያና ኒው ጀርሲ አገረ ገዢዎቻቸውን የሚመርጡት ፕሬዚዳንቱ በተመረጠ በዓመቱ ነው። እነዚህን ሁሉ በእኛ በቢሮ ሰዎች ቋንቋ «የመንፈቅ ምርጫ» ብዬ ብጠራቸው አንባቢ ይፈቅድልኛል ብዬ አምናለሁ። የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ በመካከል የሚቀርብ የመንፈቅ ሪፖርትን ይመስላሉና።

እንግዲህ «ፓርቲው አለቀለት» ወደሚለው ወዳጄ ልመለስ። የቨርጂኒያን መዝገብ ብንገልጥ ከ1977 እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ 13 ጊዜ አገረ ገዢ ተመርጧል። ከዚህ ውስጥ 12 ጊዜ ያሸነፈው የፕሬዚዳንቱ ተቃዋሚ የሆነው ፓርቲ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሪፑብሊካን ሲሆን ዴሞክራቱ፣ ዴሞክራት ሲሆን ሪፑብሊካኑ ያሸንፋል ማለት ነው። ልዩ ሆኖ የተገኘው የ2013 ምርጫ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የፕሬዚዳንት ኦባማ ፓርቲ ዕጩ በጠባብ ልዩነት አሸንፏል። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ፓርቲ በቨርጂኒያ ተሸነፈ ማለት በሐምሌ ዝናብ ዘነበ እንደ ማለት ነው። ዝናብ መዝነቡ ወሬ አይሆንም፤ የሚጠየቀው ምን ያህል ዘነበ ተብሎ ነው።

በ2025 የዘነበው ግን ብዙ ነበር። ወይዘሮ አቢጌል ስፓንበርገር ከመቶ 57 በላይ ድምፅ አግኝተው የቨርጂኒያ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዢ ለመሆን ተመረጡ። መቶ መቀመጫ ባለው የግዛቱ የታችኛው ምክር ቤትም ፓርቲያቸው ከ51 መቀመጫ ወደ 64 ከፍ አለ። ይህ ውጤት ለተሸነፈው ወገን ከባድ ተግሣጽ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። ተግሣጽ ግን ሞት አይደለም። ይህንንም ታሪክ ይመሰክራል።

በ1946 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ትሩማን ፓርቲ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አጣ። ተቃዋሚዎቹ ሪፑብሊካኖች ሥልጣኑን የያዙት ያህል ቈጠሩት። ትሩማን ግን በ1948 በባቡር አገሩን እየዞሩ ከሕዝቡ ጋራ ተነጋገሩ፤ ምክር ቤቶቹንም ለልዩ ስብሰባ ጠርተው ሥራ አልሠሩም ሲሉ ለሕዝብ ከሰሱ። ቺካጎ ትሪቡን የሚባለው ጋዜጣ ቈጠራው ሳያልቅ ተፎካካሪያቸው እንዳሸነፉ አድርጎ አትሞ አወጣ፤ አሸናፊው ግን ትሩማን ሆኑ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እንደዚሁም በ1982 ሥራ አጥነት ከመቶ ከ10 በላይ በሆነበት ጊዜ የፕሬዚዳንት ሬገን ፓርቲ ብዙ መቀመጫ አጣ፤ በ1984 ግን ኢኮኖሚው አገግሞ ስለ ነበር ሬገን ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ። በ1994 የፕሬዚዳንት ክሊንተን ፓርቲ ለ40 ዓመት ያህል የያዘውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለቀቀ። ክሊንተን አካሄዳቸውን አርመው፣ በ1996 ተቃዋሚዎቻቸው ይፈልጉት የነበረውን የድጎማ ሕግ እስከ መፈረም ደርሰው፣ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ተመረጡ። በ2010 የፕሬዚዳንት ኦባማ ፓርቲ 63 መቀመጫ አጥቶ ነበር፤ በ2012 ግን ኦባማ ዳግመኛ ተመረጡ።

እውነቱን ሳልደብቅ ለመናገር፣ በሌላው በኩል የሚቈሙ ምስክሮችም አሉ። በ2006 የፕሬዚዳንት ቡሽ ፓርቲ በኢራቅ ጦርነት ምክንያት ሁለቱንም ምክር ቤቶች አጣ፤ በ2008ም ፕሬዚዳንትነቱን አጣ። በ2018 የፕሬዚዳንት ትራምፕ ፓርቲ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት አጣ፤ በ2020ም ትራምፕ ተሸነፉ። ነገር ግን ተሸንፎ የነበረው ይኸው ሰው በ2024 ተመልሶ አሸነፈ። እንግዲህ ከመንፈቁ ውጤት ብቻ ተነሥቶ የፓርቲን ዕድሜ የሚተነብይ ሰው፣ ሳንቲም ወርውሮ ከሚተነብይ ሰው የሚሻልበት መንገድ አይታየኝም። በመካከሉ ሁለትና ሦስት ዓመት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበያ ይወድቃል ወይም ይነሣል፤ በሽታ ይገባል፤ ጦርነት ይነሣል ወይም ይበርዳል።

ታዲያ የመንፈቁ ውጤት ምን ይጠቅማል ቢሉኝ፣ ከራሳችን ኑሮ ምሳሌ ላምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የክፍል ሹሞች ነበሩ። በመንፈቁ ሪፖርት ጊዜ የአንደኛው ክፍል ከዕቅዱ በላይ ሠራ ተባለና በአዳራሹ ተጨበጨበለት። ሁለተኛው ግን በሰው ሁሉ ፊት ተወቀሰ። የተመሰገነው ሹም በጭብጨባው ተኛ። ቍጥሩ ከፍ ያለው ካለፈው ዓመት የተላለፉ፣ ፊርማ ብቻ የቀራቸው ቀላል ፋይሎች መጀመሪያ ስላለቁ ነበር፤ አስቸጋሪዎቹ ፋይሎች ከመደርደሪያው አልወረዱም። የተወቀሰው ሹም ደግሞ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «ወረቀቱ የሚቈመው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሚቈምበትም አንድ ጠረጴዛ ሆኖ ተገኘና አሠራሩ ተለወጠ። ሰኔ 30 ደርሶ ሒሳብ ሲዘጋ የሁለቱ ስፍራ ተለዋወጠ። የመንፈቁ ሪፖርት ለሁለቱም የተናገረው እውነት ነበር፤ ልዩነቱ በአነባበባቸው ላይ ነው።

ይህ ምሳሌ በአሜሪካ ፓርቲዎች ላይ ቃል በቃል ደርሷል። በ2022 በተደረገው የመንፈቅ ምርጫ የፕሬዚዳንት ባይደን ፓርቲ ክፉኛ ይመታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ያጣው 9 መቀመጫ ብቻ ሆነ፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እንዲያውም አንድ መቀመጫ ጨመረ። ይህን የመሰለ ውጤት ለባለሥልጣን ፓርቲ ብርቅ ስለ ሆነ ጭብጨባው በዛ። በዕድሜ የገፉት ፕሬዚዳንት እንደ ገና ይወዳደሩ ወይስ አይወዳደሩ የሚለው ጥያቄ ቀዘቀዘ፤ በኤፕሪል 2023ም እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። ሕዝቡ ስለ ኑሮ ውድነት የሚያሰማው እሮሮ ግን አልቀዘቀዘም ነበር። መጨረሻው በጁላይ 21 ቀን 2024 ፕሬዚዳንቱ ከውድድሩ መውጣታቸው፣ በኖቬምበርም ፓርቲው ፕሬዚዳንትነቱንና የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ማጣቱ ሆነ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የስሕተቱ ሥር ደግሞ ከዚያ ከፋይሉ ነገር የራቀ አይደለም። ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት ከሚገባቸው መራጮች በ2020 ከመቶ 66 ያህሉ፣ በ2024 ከመቶ 64 ያህሉ ድምፅ ሰጥተዋል። በ2022 ግን የሰጡት ከመቶ 46 ያህሉ ናቸው። በመንፈቅ ምርጫ የሚመጣው ሰው ጋዜጣ አንባቢው፣ ብዙ የተማረውና ምርጫ የማያመልጠው ሰው ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሰው ወደ ዴሞክራቱ ያዘነብላል። ወደ ዋናው ምርጫ ብቻ የሚመጣው፣ ቀን በሥራ ሌሊት በድካም የሚውለውና የሚያድረው ሰው አስቸጋሪው ፋይል ነው። ፓርቲው ቀላሉን ፋይል ቈጥሮ ተደሰተ፤ ከመደርደሪያው ያልወረደው ፋይል በ2024 ወርዶ ፈረደበት።

ስለዚህ የ2025 ውጤት ለሁለቱም ፓርቲዎች የተጻፈ ደብዳቤ ይመስለኛል። ለተሸነፈው፣ «ወረቀቱ የቈመበትን ጠረጴዛ ፈልግ» ይለዋል። ለአሸናፊው ደግሞ፣ «በጭብጨባው አትተኛ» ይለዋል። አሸናፊው ፓርቲ የድሉን ትርጕም ለመናገር እንኳ የሚቸገርበት ምክንያት አለ። በዚያው አንድ ቀን በቨርጂኒያ ያሸነፉት በስለላ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ፣ በመካከለኛ አቋም የሚታወቁ ወይዘሮ ናቸው፤ በኒው ጀርሲ ያሸነፉት ወይዘሮ ማይኪ ሸሪል ቀድሞ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበሩ፤ በኒው ዮርክ ያሸነፈው ዞህራን ማምዳኒ ግን ራሱን ሶሻሊስት ብሎ የሚጠራ፣ በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ወጣት ነበር። የፓርቲው ቀኝ ወገን «መንገዱ የእኔ ነው»፣ ግራው ወገንም «መንገዱ የእኔ ነው» ቢል ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። ሦስቱ በአንድነት የተናገሩት ነገር ቢኖር ስለ ኪራይ፣ ስለ መብራትና ስለ አስቤዛ ዋጋ ነው። ከድሉ ይልቅ ይህን ቢያስተውሉት ይበጃቸዋል።

«የሰፈር ምርጫ ነው» ላለው ወዳጄ ደግሞ ይህን እነግረዋለሁ። በ2017 በዚያው በቨርጂኒያ ለታችኛው ምክር ቤት በተደረገ ምርጫ፣ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ በነበረው 94ኛው የምርጫ ወረዳ ድምፅ ተቈጥሮ ሪፑብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ በለጡ። እንደ ገና ሲቈጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ በለጡ። ጉዳዩ ሦስት ዳኞች ዘንድ ቀርቦ አንድ አጠራጣሪ ወረቀት ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ሁለቱም እኩል 11,608 ድምፅ ሆኑ። በሕጉ መሠረት በጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም ተጽፎ በሸክላ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ፤ ዕጣውም ለያንሲ ደረሰ። በዚያች በአንዲት ዕጣ ምክንያት ምክር ቤቱ 50 ለ50 መሆኑ ቀርቶ 51 ለ49 ሆኖ በሪፑብሊካኖች እጅ ቈየ። በዚያ ወረዳ ሥራ በዝቶባት ወይም አጎቷ «ይህ ዋናው ምርጫ አይደለም» ብሏት ከቤቷ የዋለች አንዲት ሴት ብትኖር፣ የእርስዋን ፈንታ የወሰነው ሳሕኑ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለወንድሜ ልጅ የሰጠሁት ምክር ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። ይህ ምርጫ እኔ ከመከርኋት አራት ዓመት ቀድሞ፣ በራስዋ ግዛት የሆነ ነውና አላውቅም ነበር ማለት እንጂ አልሆነም ነበር ማለት አልችልም።

የ2025 ምርጫ በደረሰ ጊዜ ደግሞ እርስዋ የነበረችበት ሁኔታ ሌላ ነበር። ምክር ቤቶቹ በበጀት ሳይስማሙ ስለ ቀሩ ከኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው፣ ገሚሱ ሠራተኛ ከቤቱ ሲውል፣ ገሚሱ ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር። ምርጫው የተደረገው መዘጋቱ በ35ኛው ቀን ላይ ሳለ ነው፤ የተከፈተውም ከ43 ቀን በኋላ በኖቬምበር 12 ነው። የወንድሜ ልጅ ያለ ደመወዝ ከሚሠሩት አንዷ ነበረች። የቤት ኪራይዋን ከጓደኛዋ ተበድራ ከፍላለች። በዚያን ሰሞን በስልክ ሳገኛት፣ ተቈጥታ እንደምትሳደብ ጠብቄ ነበር። እርስዋ ግን፣ «ጋሼ፤ ጠዋት ተሰልፌ መረጥሁና ወደ ሥራዬ ገባሁ» አለችኝ። «ለመበቀል ነው?» ብላት፣ «አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ሳለሁ ማንም ቢሾም እታዘዛለሁ፤ በዚያች ወረቀት ላይ ግን እኔም እጠየቃለሁ። እኔ ካልተናገርሁ ማን ይናገርልኛል?» ስትል መለሰችልኝ። ለማን እንደ ሰጠች አልጠየቅኋትም፤ እርስዋም አልነገረችኝም። የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኗ መጠን ይህ ጨዋነቷ አስደስቶኛል። በአገሯ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ የሚኖር ሕግ የፌዴራል ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ለፓርቲ እንዳይቀሰቅስ ይከለክለዋል፤ ድምፁን ግን ማንም አይከለክለውም።

እኔም በበኩሌ፣ «ልጄ፤ ከአራት ዓመት በፊት የመከርሁሽ ስሕተት ነበር፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። ሳቀችና፣ «ጋሼ፤ የዚያን ጊዜ የቀረሁት እኮ በስንፍናዬ ነው፤ አንተ ምክንያት ሆንኸኝ እንጂ» አለችኝ። ይህ ማጽናኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከበደሌ ነጻ አያወጣኝም።

እንግዲህ የደብዳቤዬ መደምደሚያ ይህ ነው። የመንፈቅ ምርጫ የፓርቲን ቀብር አያውጅም፤ ዘውዱንም አይጭንም። ሕዝብ ለገዢዎቹ የሚልከው የመካከል ዘመን ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን አንብቦ የታረመ ፓርቲ የመነሣት ዕድል አለው፤ አንብቦ የሳቀ ወይም ሳያነብ ያጨበጨበ ፓርቲ ግን የራሱን መቃብር ይቈፍራል። አባቶቻችን ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ያሉት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለማኅበርም የሚሆን ነው።

እኛም በየመሥሪያ ቤታችን የመንፈቅ ሪፖርት በቀረበልን ጊዜ፣ ከቍጥሩ ትልቅነትና ትንሽነት ይልቅ የትኛው ፋይል ከመደርደሪያ እንዳልወረደ ብንጠይቅ፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ከመደንገጥ እንድናለን። በሻይ ሰዓት የተከራከሩት ሁለቱ ወዳጆቼ ይህን ደብዳቤ ቢያነቡ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ፤ ከእነርሱ ይልቅ የተሳሳትሁት እኔ ነኝና።

ከብዙ አክብሮት ጋራ፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ